በግንበኛው ቱቦ ሆሳዕና ገባን

በእኛ ቤተክርስቲያን ኩራት አይወደድም። ሰው ጥሩ ነገር ሠርቶ ሲመሰገን «ክብር ለእግዚአብሔር» ይልና ቁጭ ይላል። እኔም እንደዚያው ተኮትኩቼ ነው ያደግሁት። ግን ስለዚያች ቀን ሳወራ ደረቴ ይነፋል፤ ምን ላድርግ? ባለቤቴ ታሪኩን በጀመርኩ ቁጥር «ዛሬ ደግሞ ዳገቱ ረዘመ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ በየጊዜው ትንሽ ሳይረዝም አይቀርም። እዚህ ግን እንደሆነው ልጻፈው።

የአምቡላንስ ሹፌር ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ሆሳዕና ነው። አፌን የፈታሁት በሀዲይኛ፣ አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት፣ ከምባትኛን ደግሞ መንገድ ላይ ነው። ሀደሮ፣ ዱራሜ፣ አንጋጫ፣ ሞርሲቶ፣ ቦኖሻ ያልሄድኩበት የለም። የታመመ ሰው ከኋላ ተኝቶ ስትነዳ መንገዱን በጎማ ሳይሆን በጀርባህ ነው የምታውቀው። የትኛው ጉድጓድ ሰውን እንደሚያስጮህ፣ የትኛው ኩርባ ላይ ቀስ ማለት እንዳለብህ ሰውነትህ ይይዘዋል።

ሙያውን ያገኘሁት ከአባቴ ነው። እሱ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ መኪናው ሲቆም የሚጠራው ጋራዥም መካኒክም በሌለበት ዘመን የነዳ ሰው ነው። ሞተር ሲጠፋበት ሌላው ሰው ቶሎ የብሎን መፍቻ ያነሳል፤ እሱ ግን ኮፈኑን ከፍቶ ዝም ብሎ ይቆማል። «ናፍጣ ከታንኩ ተነስቶ ሞተሩ እስኪገባ የሚሄድበት መንገድ አለው» ይለኝ ነበር። «አንተም በዚያው መንገድ ሂድ። የቀረበት ቦታ ላይ ትደርሳለህ።» ነገሩ ቀላል ይመስላል። ሰው እያቃሰተ ከኋላህ ተኝቶ፣ መንገደኛ ከቦህ እያየህ፣ ያንን መንገድ ሳትዘል መሄድ ግን ቀላል አይደለም።

ያ ሰሞን የነዳጅ እጥረት ነበር። ማደያዎቹ በር ላይ ገመድ አጥረዋል፣ የመኪናው ሰልፍ መጨረሻው አይታይም። ናፍጣ የሚገኘው መንገድ ዳር፣ በጀሪካን ነው። አምቡላንስ ደግሞ ነዳጅ የለም ተብሎ አይቆምም፤ ከተገኘበት ተገዝቶ ይቀዳል። እኔ ያንን የመንገድ ዳር ናፍጣ አላምነውም ነበር። ሁልጊዜ በጨርቅ አጥልዬ ነው ታንክ ውስጥ የምጨምረው። ጨርቅ ግን አፈሩን ይይዛል እንጂ ውሃውን አይይዝም። ስለዚህ ከእጥረቱ በፊት ከማደያ የቀዳሁትን ንጹህ ናፍጣ በአንድ ጀሪካን ሞልቼ ጣሪያው ላይ አስሬ፣ ለክፉ ቀን ብዬ ሳልነካው እዞራለሁ። መቀመጫዬ ሥር ደግሞ አዲስ ፊልትሮ፣ የናፍጣ ማጣሪያ፣ አለ። ባልደረቦቼ «ሱቅ ልትከፍት ነው እንዴ?» እያሉ ይስቁብኛል።

በዚያች ቀን ጠዋት ከሀደሮ አለፍ ብላ ካለች የገጠር መንደር ተደወለ። የመጀመሪያ ልጇን የምታምጥ ሴት ነች፤ ምጡ የጀመራት ትናንት ነው፤ ልጁ አልወርድ ብሏል። ሆሳዕና ገብታ በቀዶ ሕክምና መውለድ አለባት ተባለ። ከአዋላጅ ነርሳችን ጋር ሄድን። ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት። ወላጆቿ ከሰሜን መጥተው ሆሳዕና የቀሩ አስተማሪዎች ናቸው፤ አንገቷ ላይ ማተብ አለ፤ ከምባትኛውን ግን ከምጥ ክፍል ተምራ ከእኔ በተሻለ ትናገረዋለች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሰምቻት አላውቅም።

ሴትየዋን በቃሬዛ አስገባናት። በጣም ወጣት ናት፤ ፊቷ ገርጥቷል፤ ዐይኗን ጨፍና ከንፈሯን ትነክሳለች። አማቷ አብረዋት ገቡ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው፤ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከሙሽራቸው እግር ሥር ተቀመጡ። «ሙሽራዬ» ነው የሚሏት። ባሏ ለሥራ ዱራሜ ሄዶ ስለነበር ተደውሎለት በቀጥታ ወደ ሆሳዕና መምጣት ጀምሯል።

ሀደሮን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ሞተሩ ማንገራገር ጀመረ። እረግጠዋለሁ፣ ጉልበት የለውም። ማርሽ ቀነስኩለት፤ ትንሽ ሄደ፤ እንደገና ተንጠራወዘ። ከዚያ እንደሚያንቀላፋ ሰው ጭልጥ ብሎ ጠፋ። የእጅ ፍሬኑን ስቤ ወርጄ ለኋላ ጎማው ድንጋይ አስደገፍኩ።

ሲስተር በኋላው በር አንገቷን ብቅ አደረገች። «ጋሼ፣ ምን ሆነ?»

«ናፍጣው ነው የሚመስለኝ።»

«ምን ያህል ይቆያል?»

«አላውቅም።»

«ለሌላ መኪና እደውላለሁ። አንተ ያንተን ሥራ» አለችና ተመለሰች።

ደወለች። ሌላው አምቡላንስ ሌላ ታማሚ ጭኖ በሌላ አቅጣጫ ሄዷል። ከፊታችን የሚመጣው ባጃጅና ሞተር ሳይክል ነው፤ የምታምጥን ሴት በዚያ ዳገት በባጃጅ አትወስዳትም። አንድ በቆሎ የጫነ አይሱዙ ቁልቁል አልፎን ወረደ። እንግዲህ ያለነው እኛው ነን።

ኮፈኑን ከፈትኩ። እጄ ወዲያው መፍቻ ሊያነሳ ቸኩሎ ነበር፤ ያዝ አደረግሁት። ዝም ብዬ ቆምኩ። ከኋላ የሴትየዋ ማቃሰት፣ ከዚያ የሲስተር ለስለስ ያለ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ጀመርኩ።

ከፊልትሮው ሥር ውሃ የሚወጣባት ትንሽ መክፈቻ አለች። የውሃ ፕላስቲክ በግማሽ ቆርጬ ከሥር ደቀንኩና ከላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እየተጫንኩ ከፈትኳት። የወጣውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጌ አየሁት። ከላይ ናፍጣ፣ ከታች ውሃ፣ ከውሃው ሥር ደግሞ ጥቁር ዝቃጭ። ሸጠውልን የሄዱት ውሃ ነው! ተናደድኩ፤ ግን ደስም አለኝ፤ ሌባውን እጅ ከፍንጅ የያዝኩ ነው የመሰለኝ። አሮጌውን ፊልትሮ ፈታሁ። አዲሱን ከጣሪያው ጀሪካን በቀዳሁት ንጹህ ናፍጣ ሞልቼ አሰርኩት። አየሩን አስወጥቼ ማስነሻውን፣ ሞተሪኖውን፣ ስመታው ሞተሩ ተነሳ።

«ተመስገን!» አሉ አማትየዋ ከውስጥ በከምባትኛ። ሲስተር እንኳን ስትስቅ ሰማኋት።

ድንጋዩን አንስቼ ነዳሁ። ደረቴን መንፋት የጀመርኩት እዚያው ነው፣ ሳልደብቅ ልናገር። የሚቀጥለውን ኩርባ እንደዞርን ዳገቱ ጠነከረ፤ ሞተሩ ተንተፈተፈና እንደገና ጠፋ።

መኪናዋ መጀመሪያ ስትቆም ምክንያት ትፈልጋለህ፤ ምክንያቱን አግኝተህ፣ አስተካክለህ፣ መልሳ ስትቆም ግን ራስህን ትጠራጠራለህ። ሲስተር ከኋላ መስኮቱን አንኳኳች።

«የልጁ ልብ ጥሩ ይመታል» አለች። «እኔ እዚህ እያዳመጥኩ ነው። አንተ ደግሞ የራስህን አዳምጥ።»

የእጅ ፍሬኑን ስቤ ለጎማው ድንጋይ ላስደግፍ ወረድኩ።

የእጅ ፓምፑን ተጫንኩት። ደህና ሲሆን ጠጠር ብሎ እጅህን መልሶ ይገፋል፤ አሁን ግን እንደ ባዶ ኳስ ልል ነው። የአየር ማስወጫዋን ብሎን ላላ አድርጌ ስጫን የሚወጣው አረፋ ነው። ፊልትሮው አዲስ ነው፤ ውሃው ወጥቷል፤ ታንኩ ውስጥ ናፍጣ አለ። ስለዚህ በታንኩና በፊልትሮው መካከል ሁለት ነገር ነው ሊሆን የሚችለው። ወይ መንገዱ ተዘግቷል፣ ወይ አንድ ቦታ ላይ አየር ይስባል።

መስመሩን ከፊልትሮው ነቀልኩት። ወደ ኋላ ወደ ታንኩ ልነፋበት ነው፤ ግን ታንኩ ጋ የሚሰማልኝ ሰው ያስፈልገኛል። ሲስተር እጇን ከታማሚዋ አታነሳም።

«እናቴ፣ ይውረዱ እስቲ» አልኳቸው አማትየዋን። የታንኩን ክዳን ከፍቼ «ጆሮዎን እዚህ ያድርጉ። እኔ ከፊት ስነፋ ውሃ ሲፈላ ዓይነት ድምፅ ከሰሙ ይንገሩኝ» አልኳቸው።

ምን? ለምን? አላሉም። ሻሻቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አድርገው ጎንበስ አሉ። እኔ ነፋሁ።

«ይፈላል!» ብለው ጮኹ። «ግን ደከም ይላል!»

አልተዘጋም ማለት ነው። የምነፋው ግን ሁሉም እዚያ አልደረሰም፤ የሆነ ቦታ ላይ ይሾልካል። መኪናው ሥር ገብቼ የብረት ቧንቧውን በጣቴ እየዳበስኩ ሄድኩ። የሚንጠባጠብ ነገር የለም። ይሄ ነው ብዙ ሰው የሚያሳስተው። ናፍጣው እየተሳበ ነው የሚመጣው፤ ቧንቧው ትንሽ ቢሰነጠቅ ናፍጣ ወደ ውጭ አይወጣም፣ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ሜዳ ላይ ችሎ ይሄዳል፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ብዙ ሲጠጣ አየሩን አብሮ ይጠጣዋል። ከውሃው ጋር ተደርቦ ስለነበር አንዱ ችግር ሌላውን ሸፍኖታል።

«ሲስተር፣ ሳሙና!» ብዬ ከሥር ጮህኩ።

የእጅ መታጠቢያ ሳሙናዋን በበሩ ወረወረችልኝ። በውሃ አረፋ አድርጌ ቧንቧውን ቀባሁት። አሁን ደግሞ ሌላ ሰው መንፋት አለበት፤ እኔ መኪና ሥር ነኝ።

«እናቴ፣ ከፊት ከፊልትሮው የነቀልኳትን ቀጭን ቱቦ ይንፉልኝ። ናፍጣ ይሸታል፣ ይቅርታ።»

«የምን ይቅርታ ነው!» አሉ። ነፉ። ወገን፣ ምን ዓይነት ሳንባ ነው! እርጥብ እንጨት ሲያቀጣጥሉ የኖሩ ሴት ናቸው። ቧንቧው ከታንኩ ጥግ ጀርባ፣ ከሻንሲው፣ ከመኪናው ወፍራም የሥር ብረት፣ ጋር በሚታሰርበት ቦታ ላይ የሳሙናው አረፋ ተነፍቶ ተነፍቶ ፈነዳ። እንደገና ነፉ፤ እንደገና እዚያው ቦታ ላይ ተነፋ። ማሰሪያው ለረጅም ጊዜ እያሻሸ ብረቱን በልቶታል።

አገኘሁት። ግን እጄ አይደርስበትም። ታንኩ ሳይወርድ ያ ቦታ አይጠገንም፤ ታንክ ማውረድ ደግሞ የጋራዥ ሥራ ነው። የውስጥ ጎማ ቁራጭ በሽቦ ላስርበት ሞከርኩ፤ ጣቴ ጫፉን ይነካዋል፣ አይዞርልኝም። እጄ ተልጦ ደማ።

«ጋሼ» አለች ሲስተር። ይህን ጊዜ ድምፅዋ ተለውጧል። «ልቡ ትንሽ ዘግየት ማለት ጀምሯል።»

ከመኪናው ሥር ወጥቼ ቆምኩ። ያንን መንገድ መጠገን ካልቻልኩ ሌላ መንገድ መሥራት አለብኝ። ጣሪያው ላይ ንጹህ ናፍጣ አለ። ከሞተሩ በላይ ነው ያለው፤ ማንም ሳይስበው በራሱ ይወርዳል። የሚያስፈልገኝ ከጣሪያ እስከ ፊልትሮ የሚደርስ የጎማ ቱቦ ነው። መሣሪያ ሳጥኔን ገለበጥኩት። ያለኝ ጎማ ክንድ አይሞላም።

ቀና ስል ከመንገዱ በላይ፣ ከእንሰቱ ጀርባ፣ የቤተክርስቲያን መሠረት የሚጥሉ ግንበኞች ቆመው ያዩናል። ሁለቱ በሁለት ጫፍ ረጅም፣ ውስጡ የሚታይ ላስቲክ ቱቦ ይዘዋል። ውሃ ሞልተውበት የግንቡን ልክ የሚጠብቁበት ነው። ስንትና ስንት ግንብ ሲሠራ አይቼዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ያማረ ነገር ግን ሆኖ አልታየኝም።

ዳገቱን በሩጫ ወጣሁት። አለቃቸው ፂሙ ላይ ሲሚንቶ የነጣበት፣ ትከሻው ሰፊ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጥ ሰው ነው። ትንፋሼ እየተቆራረጠ «ጋሼ፣ ያንን ቱቦ ስጠኝ» አልኩት።

«የቱን ቱቦ? ልክ እየያዝንበት ነው እኮ።»

«አምቡላንሷ ውስጥ የምታምጥ ሴት አለች። ሞተሩ ናፍጣ አጥቷል። በዚህ ቱቦ ከጣሪያው ላወርድለት ነው።»

አንዴ ወደ ታች አየ። ከዚያ የያዘውን ጫፍ ለቀቀና ወደ ማዶው ባልደረባው «ልቀቀው!» ብሎ ጮኸ። ውሃው መሬት ላይ ፈሰሰ። ቱቦውን ክንዱ ላይ እየጠቀለለ ከፊቴ ቀድሞ ወረደ።

«እኔም እመጣለሁ» አለ እየሄደ። «ይሄ ቱቦ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።»

በቱቦው ውስጥ የቀረ ውሃ ነበር። ያን ሁሉ ውሃ ከፊልትሮ አውጥቼ መልሼ ውሃ ላስገባ ነው? ግንበኛው አንዱን ጫፍ ይዞ በራሱ ላይ አሽከረከረው፤ ጠብታው ፊታችን ላይ ተረጨ። ከዚያ እኔ ነፋሁበት፤ ከዚያ ትንሽ ናፍጣ አፍስሼ አጥቤ ደፋሁት። ጀሪካኑን ወደ ጣሪያው ፊት ሳብ አድርገን በገመድ ቀፍድደን አሰርነው። አንዱን ጫፍ እስከ ጀሪካኑ ወለል አስገባሁ፤ ሌላውን በተሳፋሪው መስኮት በኩል አውርጄ ኮፈኑ ሥር አስገባሁ። የፊልትሮው አፍ ላይ ሰፋብኝ። የውስጥ ጎማ ቁራጭ ጠቅልዬ፣ በላዩ በሽቦ ዙሬ፣ በፒንሳ ጠመዘዝኩት። ከመግጠሜ በፊት በአፌ ሳብኩት። ናፍጣው ቢጫ ሆኖ በቱቦው ውስጥ ሲወርድ ይታያል፤ ዐይኔ እያየው አፌ ደረሰ። ተፋሁና ገጠምኩት።

የአየር ማስወጫዋን ላላ አደረግሁ። መጀመሪያ ጥቂት አረፋ። ከዚያ እያነሰ ሄደ። ከዚያ ንጹህ ናፍጣ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወጣ። አጠበቅሁት። የእጅ ፓምፑን ተጫንኩ። ጠጠር ብሎ እጄን መልሶ ገፋኝ።

ሞተሪኖውን መታሁት። ዞረ፣ ዞረ፣ አስነጠሰ፣ ነጭ ጭስ አስወጣ፣ ከዚያ ተነሳ! እንዲያው ዝም ብሎ መነሳት አይደለም፤ ሙሉ ድምፁ ነው፣ የማውቀው ድምፁ። አማትየዋ ናፍጣ የነካውን አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ እልል አሉ። ላይ ያሉት ግንበኞችም አጨበጨቡ።

ኮፈኑ ቱቦውን እንዳይጨፈልቀው ሳይዘጋ በሽቦ አሰርኩት። ግንበኛው ከጎኔ ተቀመጠ፤ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ ቱቦውን በመዳፉ ደግፎ ይዟል።

«የምታየው አንድ ነገር ነው» አልኩት። «አረፋ ሲያልፍ ካየህ ንገረኝ።»

«አረፋ ማየት የኔ ሥራ ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ በውሃ ልክ ቱቦ ውስጥ አረፋ ከገባ ግንቡ ይጣመማል።

ዳገቱን ወጣነው። ደጋው ዶዮገና ላይ ብርዱ በመስኮቱ ገባ፤ ግንበኛው ክንዱን አላስገባም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነበር፦ ሞተሩ የሚተርፈውን ናፍጣ ወደ አሮጌው ታንክ ስለሚመልሰው ጀሪካኑ ከሚቃጠለው በላይ ይጎድላል። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ እግሬን ከነዳጅ አንስቼ፣ ሜዳ ላይ ሳልፈጥን፣ ዳገት ላይ ብቻ እየሰጠሁ ነዳሁ። አንድ ጉድጓድ ላይ «አለፈ! አንድ አረፋ!» ብሎ ጮኸ። ሞተሩ አንዴ ተንገራገረ፤ ውጦት ቀጠለ። ከኋላ ሲስተር «ግራ ጎንሽ ላይ ሁኚ፣ እህቴ፣ ደረስን እኮ» ትላለች። ብዙ ጊዜ አለች ደረስን። በመጨረሻ እውነት ሆነ።

የሆስፒታሉ ጥበቃ በሩን ሊከፍት መጥቶ ቆመ። ኮፈኑ በሽቦ የታሰረ፣ ጣሪያው ላይ ጀሪካን ያለው፣ አንድ ሲሚንቶ የለበሰ ሰው ቱቦ አቅፎ የተቀመጠበት አምቡላንስ ነው የሚያየው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ።

«ምጥ ነው! ክፈት!» አለ ግንበኛው። ከፈተ።

ሲስተር ከቃሬዛው ጎን እየሮጠች ለሐኪሞቹ ሁሉንም በአጭሩ ነገረቻቸው፤ ምጡ መቼ እንደጀመረ፣ ልቡ መቼ እንደዘገየ። ወዲያው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገቧት። እኛ ውጭ ቀረን፤ አማትየዋ፣ እኔና ግንበኛው። ባልየው ከዱራሜ ሮጦ ደረሰ፤ ላቡን ሳይጠርግ ሦስታችንን ተራ በተራ ተመለከተን፤ ማንን እንደሚጠይቅ አልገባውም። እናቱ እጁን ይዘው ጎናቸው አስቀመጡት።

በሩ ሲከፈት የወጣችው ሲስተር ናት። ጭንብሏን ዝቅ አድርጋ «ሴት ናት» አለች። «መጀመሪያ ዝም ብላን ነበር። አሁን ግን አልቅሳለች፣ እናቷም ደህና ናት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ እጇን ዘረጋችልኝ። የእኔ እጅ ናፍጣና ደም ነው፤ ልመልሰው ስል ጠበቅ አድርጋ ጨበጠችው። በሥራ ዘመኔ ሽልማት አላገኘሁም፤ ግን ያ የእጅ መጨበጥ ይበቃኛል።

ግንበኛውን ምሳ ጋብዤ፣ ወደ ሀደሮ የሚሄድ መኪና አፈላልጌ ሸኘሁት። አምቡላንሷን ጋራዥ ሳስገባ መካኒኮቹ ሥራቸውን ትተው ከበቧት፤ አንዱ የሽቦውን አስተሳሰር በስልኩ ፎቶ አነሳው። ታንኩ ወርዶ አዲስ ቧንቧ ተገጠመላት፤ የመንገድ ዳሩም ናፍጣ ተደፋ።

አመሻሹ ላይ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። አሁን አርጅቷል፤ ዐይኑ ደክሟል፤ ጆሮው ግን እንደ ድሮው ነው። ሁሉንም ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

«ቱቦው ውስጥ የነበረውን ውሃ አወጣኸው?» አለ።

«አወጣሁት።»

«በናፍጣ አጠብከው?»

«አጠብኩት።»

ራሱን ነቀነቀና ሌላ ወሬ ጀመረ። እሑድ ከቤተክርስቲያን ስንወጣ ግን ሽማግሌዎቹ መሀል ቆሞ፣ በከዘራው መሬት ላይ ታንኩን፣ ቧንቧውን፣ ፊልትሮውን እየሣለ ሲያስረዳቸው አየሁት። «ልጄ ነው» ሲል ሰማሁት። ሩቅ ቆሜ የማላይ መሰልኩ።

ሕፃኗ ስትጠነክር ቤተክርስቲያን ወስደው ሊያስመርቋት ሲሉ ጠሩን፤ እኔና ሲስተር በዚያችው አምቡላንስ አብረን ሄድን። ከጸሎቱ በኋላ ቤታቸው ገባን። እናትየዋ ፊቷ ሞልቶ፣ ልጇን አዝላ፣ ሳያት ያቺ ገርጥታ የተኛችው ሴት መሆኗን ማመን ከበደኝ። ስንበላ ቆይተን ከጎኔ መጥታ ተቀመጠች።

«አማቴ ቧንቧ ነፋሁ ይላሉ» አለችኝ እየሳቀች። «መንደሩ ሁሉ አያምናቸውም። እውነት ነው?»

«እውነት ነው። እሳቸው ባይነፉ አላገኘውም ነበር።»

«እኔ የማስታውሰው ጥቂት ነው» አለች። ሳቋ ቀረ። «ዝም ሲል አስታውሳለሁ። መኪናው ዝም ሲል፣ ሰው ሁሉ ዝም ሲል። ሁለተኛ ሲቆም፣ በቃ፣ ብዬ ነበር በልቤ። ከዚያ ሲነሳ ሰማሁት። ከወለሉ ሥር ጀርባዬን ሲያንቀጠቅጠኝ ነው እንደምተርፍ ያወቅኩት።»

ሲስተር አቀርቅራ የሕፃኗን እግር ታሻሻለች። አማትየዋ ከጓዳ በር ላይ ቆመው ያዩናል።

«የት ጋ እንደሆነ አሳየኝ» አለች እናትየዋ ድንገት ተነስታ።

«ምኑን?»

«ሞተሩን ነዋ። ቱቦው የገባበትን።»

ወጣን። ጎረቤቱ ሁሉ ተከተለን። ኮፈኑን ከፈትኩላት። ልጇን በጀርባዋ እንዳዘለች ጎንበስ ብላ ተመለከተች፤ እኔም በጣቴ ከታንኩ በኩል ጀምሬ፣ አንዲትም ቦታ ሳልዘል፣ የናፍጣውን መንገድ አሳየኋት።